ለጎማዋ ጥብቅና ልቁምላት

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና እስኪፈላ አንብቡት። የማትስማሙም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ስደቡኝ። ግማሹን አንብቦ የሚሳደብ ሰው ነው የሰለቸኝ።

ያለፈው ቅዳሜ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። የክበባችን አረንጓዴ ሸራ ግቢው ውስጥ ተወጥሮ፣ አራቱ ጥጎች ላይ ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጡ ጥቁር ጎማዎች ይታያሉ። ከሥሩ "ነፋሱ መጣ፣ ሸራው ሳቀበት" ብዬ ጻፍኩ። በቃ ይኼው ነው። በማግስቱ ስከፍተው ኮሜንቱ ጉድ ነው! ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ "የድሃ ፈጠራ"፣ አንዱ ደግሞ "ቲቸር ጎሚስታ ከፈትክ እንዴ?" ይላል። ይኼን ሁሉ ስቄ አለፍኩት። ያላለፍኩት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ራሱን ኢንጂነር ብሎ የሚጠራ ወንድሜ የጻፈው ነው። "ሸራ የሚወጠረው በገመድ ነው፣ በደንብ ካጠበቅከው ምንም አይሆንም። ዲፕሎማ ይዞ ፊዚክስ ማስተማር እንዲህ ያደርጋል" ይላል። ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ከየት እንደመጣ አልናገርም። ቁጥርም ማኅተምም አለው። ፍሬ ነገሩ፣ ከዚህ በፊት በተማሪ ላይ የደረሰውን ጉዳት ከግምት በማስገባት ማንኛውም የክበብ ሸራ በገመድ ብቻ እንዲወጠር፣ ጎማም ሆነ ማንኛውም የሚለጠጥ ነገር እንዳንጠቀም የሚል ነው።

ለሁለቱም መልስ አለኝ። ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት "በተማሪ ላይ የደረሰው ጉዳት" የተባለውን ራሴ ልናገረው፤ ጥፋቱ የኔ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው በ2009 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችንን ይዘን ወፍ ዋሻ ደን አደርን። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከታች ጥዱና ዝግባው፣ ወደ ላይ ስትወጣ አስታውና ጅብራው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲመጣ የጎንህን ሰው አታየውም። 23 ተማሪዎች ነበሩ። ሸራችን አዲስ፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር። እኔም ያኔ ልክ እንደ ኢንጂነሩ ነበር የማስበው። ናይለን ገመድ ገዝቼ በአራቱም ጥግ ጎትቼ ጎትቼ፣ በጣት ሲመታ እንደ ክራር እስኪጮህ አጠበቅኩት። ኮራሁበት! ልጆቹን ሰብስቤ "ውጥረት ማለት ይኼ ነው" ብዬ ማስተማሬን አልረሳውም።

ማታ የበልግ ዝናብ ጀመረ። ናይለን ውኃ ሲጠጣ ይረዝማል። ክራሩ ላላ፣ ሸራው መሃሉ ላይ ጎድጎድ አለ፣ ውኃ ያቁር ጀመር። ከጎረምሶቹ ጋር ተነስተን በጨለማ እንደገና አጠበቅነው። ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ መጣ። አንዱ ጥግ "ጧ!" ብሎ የብረት ቀለበቱ ከነጨርቁ ተቦጭቆ ሄደ። አራት ጥግ የነበረውን ጫና ከዚያ በኋላ ማን ይሸከመዋል? ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተከተለ። 23 ልጅ በዝናብ እየተደበደበ ደን ጠባቂዎቹ ቤት ገብተን፣ ተቃቅፈን ቁጭ ብለን አነጋን። የሸራው ዋጋ በክበቡ ላይ ዕዳ ሆኖ ተመዘገበ።

ገመድ ነበር። ጥብቅ ገመድ። ስለዚያ ሌሊት ማንም ደብዳቤ አልጻፈም።

በ2011 እንደገና ሄድን። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ፤ የሚለጠጥ ነገር እንደሚያስፈልግ ገብቶኛል። ምን አደረግኩ? ሞተር ሳይክል ላይ ዕቃ የሚታሰርበትን፣ ሁለት ጫፉ ላይ የሽቦ መንጠቆ ያለውን ላስቲክ ገዛሁ። (ይቺ "ላስቲክ" የምትባል ቃል እኮ አስቸጋሪ ናት። ዳቦ የምንቋጥርበትም ላስቲክ፣ የሱሪ ወገብ ውስጥ ያለውም ላስቲክ፣ ጣሪያ የምናለብሰውም ላስቲክ! እኔ እዚህ የምለው የሚለጠጠውን ነው።) አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ መንጠቆውን ሸራው ቀለበት ላይ ሰክቶ፣ ሌላውን ጫፍ የዛፍ ሥር ላይ ለማድረስ ሳበው። አልደረሰም። ጨምሮ ሳበ። ቀለበቱ ላይ ያለው መንጠቆ ሾለከና ወደ ፊቱ መጣ።

ቅንድቡን ነው የመታው። ደሙን አይቼ ዓይኑ የፈሰሰ መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ተሸክመን፣ መኪና ለምነን ሐኪም ዘንድ ስናደርሰው ሐኪሙ "አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው" አለኝ። ከዚያ እናቱ ቤት ሄድኩ። እናቱ አልተቆጡኝም፣ እንጀራ አቀረቡልኝ። ብቻ "አደራ ብዬህ ነበር እኮ ልጄ" አሉኝ። ያቺን እንጀራ እንዴት እንደዋጥኳት እኔ አውቃለሁ።

ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። የቅዳሜው ፎቶ ሥር ራሱ መጥቶ "ቲቸር ጠባሳዋ አለች፣ ሰላም ትልሃለች" ብሎ ጻፈ። እሱ ይቅር ብሎኛል። እኔ ግን ስለ ሸራ ማሰር የምችለውን ያህል ለማወቅ የወሰንኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ ለደብዳቤው ጸሐፊ፣ በአክብሮት፦ ልጁን የመታው ምንድን ነው? ሽቦ ነው። የተሳለ፣ የታጠፈ፣ ከባድ ሽቦ በተለጠጠ ነገር ጫፍ ላይ ታስሮ። የዓይን ሐኪም ጠይቁ፣ ይኼ ባለ መንጠቆ ማሰሪያ በሌላውም ዓለም ዓይን በማጥፋት የሚታወቅ ነገር ነው። ከከመነዳሪ የተቆረጠች ጎማ ግን ጫፏ ላይ ብረት የለም። ቋጥረህ ነው የምታስራት እንጂ ሰክተህ አይደለም፣ ስለዚህ በቀላሉ አትሾልክም። ብትበጠስ ዓይንንም ልትጎዳ ትችላለች፣ ግን ጫፏ ላይ የሚወጋ ሽቦ የለም። እናንተ ያገዳችሁት ጎማዋን ነው። መንጠቆውን ደብዳቤው ውስጥ ፈለግኩት፣ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም! ዛሬ አንድ መምህር ገመዱ ጫፍ ላይ የብረት መንጠቆ አስሮ ሸራ ቢወጥር ደብዳቤውን አልጣሰም። እኔ ለስላሳ ጎማ ባስር ግን ተጠያቂ ነኝ። ይኼ የልጆችን ደኅንነት መጠበቅ ነው ወይስ ፋይል መዝጋት?

አሁን ወደ ኢንጂነሩ።

ወንድሜ፣ "ካጠበቅከው ምንም አይሆንም" ያልከው ላይ ነው ጠባችን። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየራችን ስስ ነው፣ ያንንም ቀንሼልሃለሁ። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ነፋስ፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ 20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ ፊት ለፊት ቢያርፍ የ90 ኪሎ ክብደት ያህል ጫና ነው የሚያሳድረው። አንድ ደህና ጎልማሳ ሸራው ላይ ተደገፈ በለው። ነፋሱ ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ ጫናው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። 360 ኪሎ! በርግጥ ሸራ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይመታም፣ ግን አንዴ ከሥሩ ገብቶ ሲያነሳው ማየት ይበቃል።

ይኼ ጫና ደግሞ ቀስ ብሎ አይመጣም። ሽው ብሎ መጥቶ በሰከንድ ውስጥ ይሄዳል። ገመዱ የማይለጠጥ ከሆነ ያ ሁሉ በቅጽበት የሚያርፈው በጣም ደካማው ቦታ ላይ ነው። ደካማው ቦታ ገመዱ አይደለም። የብረቷ ቀለበት የተሰፋችባት የጣት ጥፍር የምታክል ጨርቅ ናት። ስለዚህ ጠንካራ ገመድ ገዝተህ ስታጠብቅ ሸራህን አላጠናከርክም፣ ለመቀደድ አመቻቸኸው። ከአጥር ላይ ስትዘል ጉልበትህን ታጥፋለህ አይደል? ለምንድን ነው "ቀጥ አድርጌ ካጠበቅኩት ምንም አይሆንም" ብለህ እንደ እንጨት ቀጥ ብለህ የማታርፈው? አይሱዙ ባሌስትራው ወልቆ ጭነት ጭኖ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?

ጎማዋ የምትሠራው ሥራ ይኼው ነው። ነፋሱ ሲመጣ ትንሽ ትለቃለች፣ ሸራው ከፍ ይልና ነፋሱን ያሳልፋል፣ ከዚያ ራሷ ትመልሰዋለች። ዝናብ ናይለኑን ሲያላላው ደግሞ የላላውን ትሰበስባለች። በሌሊት ተነስቶ ማጥበቅ የለም። ለዚህ ነው ሸራ "እንደተወጠረ የሚያድረው"።

ይኼን እኔ አልፈጠርኩትም። ጣርማ በርን በነፋስ የሚያቋርጡትን የጭነት መኪና ረዳቶች ጠይቁ፤ የጭነቱን ሸራ ጫፍ የሚያስሩት በምን እንደሆነ ያሳዩዋችኋል። ከነሱም በፊት ያወቁት አሉ። የሰፈራችን እድር ድንኳን የቆየው ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፣ ገመዱም ቃጫ። ልጅ ሆኜ ድንኳኑን የሚተክሉት አንድ አባት ነበሩ። ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ሰው ወንበር ሊያስገባ ሲሮጥ እሳቸው ወደ ካስማዎቹ ሄደው ገመዱን ያላሉታል። ያላሉታል! እኔ ሞኙ "ጋሼ፣ ዝናብ ሲመጣ ማጥበቅ አልነበረብዎትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ቃጫ ውኃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ካስማውን ነቅሎ ድንኳኑን ለቀስተኛው ላይ ይጥለዋል" አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ቃጫ በዝናብ ይጠብቃል፣ ናይለን በዝናብ ይላላል፤ ሁለቱም አንድ ቦታ አይረጉም። እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ ካስማ ለካስማ እየዞሩ በእጃቸው የሚሠሩትን ነው ጎማዋ ዝም ብላ የምትሠራው። እሳቸው ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ኢንጂነሩ ቢጠይቀኝ መልሱ ደስ አይለውም።

አሁን ደግሞ ከወዲያኛው ጽንፍ ያላችሁትን ላስቀይም። ፎቶውን አይታችሁ "አሪፍ ነው፣ እኔም ሁሉንም በጎማ ላስር" ያላችሁ አላችሁ። ተው! ሁሉም ነገር ጎማ ከሆነ ሸራው አይወጠርም፣ ይንጠለጠላል። በተለይ መሃል ለመሃል የሚያልፈው፣ ሸራው የሚቀመጥበት አውራ ገመድ ፈጽሞ መለጠጥ የለበትም። እሱ ከለጠጠ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ከጎደጎደ ውኃ ያቁራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 20 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ 200 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ሸራው ተዳፋት ከሌለውና ካቆረው አንድ በርሜል ውኃ ልጆች ራስ ላይ ሰቅለሃል። እዚህ ላይ ኢንጂነሩ "የሚለጠጥ ነገር ውኃ ያቁራል" ብሎ ቢከራከረኝ ኖሮ እጄን አነሳለት ነበር። እሱ ግን የተከራከረኝ በዲፕሎማዬ ነው።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ ሁሉ እዚሁ አንብቡ። አውራ ገመዱ ብዙ የማይለጠጥ፣ ውኃም የማይጠጣ፣ ያ ሰማያዊው የገበያ ገመድ ይሁን። አንደኛው ወገን ዝቅ ብሎ ተዳፋት ይኑረው። ጎማ የሚገባው ጥጎቹና ጠርዞቹ ላይ ብቻ ነው። ከጎሚስታ የተጣለ ከመነዳሪ ለምናችሁ፣ አጥባችሁ፣ በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡት፤ ጠርዙ ላይ ጭረት ካለ ከዚያ ነው የሚቀደደውና ልሙጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሳይለጠጥ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ሥሩ። በሸራው ቀለበት አሳልፋችሁ ራሱን በራሱ ውስጥ ሸምቅቁት፣ ሌላውን ጫፉን ወደ ካስማው በሚሄደው ገመድ ቋጥሩት። ስትወጥሩት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሆን ብቻ። ከዚያ በላይ የለጠጠ ሰው ለነፋሱ ምን ተረፈለት?

ዋናው ነገር አሁን ይመጣል፣ ፎቶው ላይ በደንብ ስላልታየ ማንም አላስተዋለውም። ከጎማዋ ጎን ለጎን 40 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሌላ የገመድ ቁራጭ አለች፣ ላላ ብላ የተንጠለጠለች። አንዱ ጫፏ ሸራው ቀለበት ላይ፣ ሌላው ጎማዋ የታሰረችበት ቋጠሮ ላይ። በደህና ቀን ሥራ የላትም። ነፋሱ ጎማዋን እጥፍ አድርጎ ሲለጥጣት ግን ይቺ ገመድ ትወጠርና "እዚህ ድረስ ነው" ትላለች። ጎማዋ ብትበጠስ እንኳ ሸራው አይሄድም። ደብዳቤ ጸሐፊው መጥቶ ቢያይ ኖሮ ገመድም አለ፣ ጎማም አለ! ከመጻፉ በፊት ግቢው ድረስ መምጣት ይከብድ ነበር? ቢሮው እኮ ከእኛ በር በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

የብረት ቀለበቱ የተቦጨቀ ሸራ ያላችሁም አትጣሉት። ድቡልቡል ጠጠር ጥጉ ላይ ከሥር አድርጋችሁ፣ ጨርቁን እንደ ከረሜላ ጠቅልላችሁ አንገቱን በሲባጎ እሰሩት። ከፋብሪካው ቀለበት የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ጨርቁ አልተበሳም። የ2009ኙን ሸራ ዛሬም የምንጠቀምበት እንዲህ አድርገን ነው። የቅዳሜው ፎቶ ላይ ያያችሁት እሱ ነው። "አዲስ ይገዛ" ተብሎ ሁለት ጊዜ ተወስኖ ሁለት ጊዜ በጀት የለም ተብሏል፤ ሸራው ግን አለ።

አንዲት ተማሪዬ የነበረች ልጅ ደግሞ ኢንቦክስ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከተማችን ውስጥ ከቤታቸው ተፈናቅለው ሸራ ሥር ዓመታት የቆጠሩ ወገኖች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። "ቲቸር፣ ለነሱም በጎማ እንሥራላቸው?" አለችኝ። ላይክ የሚያስገኝ መልስ "አዎ" ማለት ነበር። መልሴ ግን አይሆንም ነው። ጎማ ፀሐይ ይበላዋል፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። በየጊዜው ለጠጥ አድርጌ አያለሁ፣ ስንጥቅጥቅ ካለ እጥለዋለሁ፣ ባይሰነጠቅም በየዓመቱ እቀይራለሁ። እኔ ሸራ የምወጥረው ለአንድ ለሊት ነው፣ ቢበዛ ለሁለት። ዓመት ለሚኖርበት ሰው ጫናውን አራት ቀለበት ላይ መጣል አይገባም፣ ጎማም ይሁን ገመድ። ማገር ያስፈልጋል፤ የሸራው ጠርዝ በሙሉ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሃል ተይዞ መመታት አለበት፣ ነፋሱ የሚይዘው ላላ ቦታ እንዳያገኝ። እሱን ለመሥራት እንጨት ያላችሁ፣ መዶሻ መያዝ የምትችሉ ተማሪዎቼ፣ ልጅቷ ስም እየመዘገበች ነውና እኔን አስቸግሩኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ስለ ዲፕሎማዬ አንድ ነገር ብዬ ልተው። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። 9ኛ ክፍል የገባሁት መምህር ጠፍቶ "ለጊዜው ያዝልን" ተብዬ ነው፤ ያ "ለጊዜው" ይኼው ዓመታት ሆነው። ዲግሪውን በክረምት እጀምራለሁ እያልኩ አንዴ ገንዘብ፣ አንዴ መንገድ ሲያስቀረኝ ነው የኖርኩት፤ አልኮራበትም። ግን የሁክ ሕግ የተማረውን ሰው ወረቀት አይጠይቅም። ጎማ ይበልጥ በለጠጥከው ቁጥር ይበልጥ መልሶ ይስብሃል፤ ይኼ ለእኔም ለአንተም እኩል ነው። (ከመጠን በላይ ከተለጠጠ ሕጉ አይሠራም ብለህ እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ ለዚህ ነው 30 ሳንቲ ሜትር ያልኩት።)

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ዛሬ መልስ ጽፌ አስገብቻለሁ። የጠየቅኩት ነገር አጭር ነው፦ "የሚለጠጥ ነገር" የሚለው ይውጣና "ባለ መንጠቆ ማሰሪያ" የሚለው ይግባ፤ ሸራ ሲወጠር ተማሪ ከጎን እንጂ ከገመዱ ፊት ለፊት አይቁም የሚልም ይጨመር። የመጀመሪያው ጥፋት የኔ እንደነበረም ጽፌበታለሁ፣ ከፈለጉ ይቅጡኝ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ክበቡ ሸራ አይወጥርም፤ ሕግ ነውና አከብራለሁ። ልጆቹ ግን እየጠየቁኝ ነው። ወፍ ዋሻ መሄዱ በዚህ ጊዜ የማይታሰብ ነው፣ ግቢው ውስጥ የምናድራት አንዲት ሌሊት ብቻ ነበረች የቀረችላቸው።

ኢንጂነሩ ወንድሜን ደግሞ እጋብዘዋለሁ። ግቢው ውስጥ ተከለከልን እንጂ የኔ ጓሮ አልተከለከለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነፋሱ በሚነሳበት ሰዓት፣ ሁለት አሮጌ ሸራ አለኝ። አንዱን በፈለግከው ገመድ የፈለግከውን ያህል አጥብቀህ እሰር፣ አንዱን እኔ በጎማዬ። እስከ እሑድ ጠዋት እንተወው። ቀለበት የተቦጨቀበት ሰው ቡናውን ይገዛል። እውነቴን ነው፣ ቂም የለኝም፣ ና።

ከመነዳሪ የሚጥል ጎሚስታ የምታውቁም ጠቁሙኝ። የብስክሌትም ይሆናል፣ ለትንንሽ ሸራ እንዲያውም እሱ ይሻላል።